ሐዋሳ ላይ ሐይቁን፣ ሰፈሩንና የቤት ሰዎችን እንዴት ላንሳ? የፎቶ ባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ለ3 ሳምንት ወደ ትውልድ ከተማዬ ሐዋሳ እሄዳለሁ። ያገለገለ ባለ 24 ሜጋፒክሰል ካሜራ ከ18-55 ሚሊ ሜትር ሌንሱ ጋር ገዝቻለሁ፤ ስልኬም ደህና ነው። እናቴን፣ ቤቱን፣ ሰፈሩንና ሐይቁን ማንሳት እፈልጋለሁ። ባለፈው ስሄድ ያነሳኋቸው የፀሐይ መጥለቂያ ፎቶዎች ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኑብኝ፤ የቤት ውስጦቹ ደግሞ ጨለማና ብዥ ያሉ ናቸው። ምን ልግዛ? ምንስ ላስተካክል?»

ከመግዛቱ ልጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። ያለህ 18-55 ሌንስ ለሐይቁ፣ ለመንገዱና ለገበያው ይበቃሃል። የማይበቃው ለቤት ውስጥ ነው። ዙሙን 35 ሚሊ ሜትር ላይ ስታደርሰው አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ቢበዛ እስከ ኤፍ 4.5 ወይም 5 ነው የሚከፈተው። ኤፍ 1.8 የሆነ ቋሚ የ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከዚያ ከ6 እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። በ1/15 ሰከንድ ብዥ ይልብህ የነበረው የእናትህ እጅ በ1/100 ጥርት ብሎ ይወጣልሃል ማለት ነው። ያገለገለ ግዛ፣ አዲስ አያስፈልግም። 50 ሚሊ ሜትሩ ረከስ ስለሚል ብዙ ሰው እሱን ይመክራል፤ ነገር ግን የአንተ ካሜራ ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀባዩ) አነስ ያለ ስለሆነ፣ ሳሎን ውስጥ ጀርባህን ግድግዳ ላይ ለጥፈህም ሰው ከነረከቦቱ አይገባልህም።

ሌላው ሁለተኛ ባትሪ፣ ሁለት ባለ 64 ጊጋባይት ካርድና በእጅ የሚጨመቅ የአቧራ መንፊያ ነው። መብራት በጠፋ ቀን ሁለተኛው ባትሪ ቀኑን ያተርፍልሃል። ትሪፖድ፣ ትልቅ ፍላሽና ፖላራይዘር ይቅሩ። ፖላራይዘር የውሃውን ነጸብራቅ ይገድላል፤ ሐይቅ ዳር የምትሄደው ደግሞ ለነጸብራቁ ጭምር ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዘህ እንዳትነሳ፤ ቦሌ ላይ ጉምሩክ ይይዝብሃል። ከመሳፈርህ በፊት የካሜራውን ሰዓት በ8 ሰዓት ወደፊት ግፋው፤ ካልሆነ የጠዋቱ ገበያና የሌሊቱ እራት ተደበላልቀው ነው የሚመጡልህ።

ብርሃኑ የሲልቨር ስፕሪንግ ብርሃን አይደለም

ብዙ ከውጭ የሚመጣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አንተ በምትኖርበት አካባቢ በታኅሣሥ ፀሐይ ቀትር ላይ እንኳ ከአድማስ 28 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትወጣው። ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ ዝቅ ያለና ለስላሳ ነው፤ በፈለግከው ሰዓት ብታነሳ ብዙም አይከፋም። ሐዋሳ ላይ በዚያው ቀን ፀሐይዋ 60 ዲግሪ ትደርሳለች። አወጣጧም ቀጥ ያለ ነው፤ በ1 ሰዓት ውስጥ ወደ 14 ዲግሪ ትወጣለች። ስለዚህ ያ ወርቃማ የምንለው ብርሃን ለግማሽ ሰዓት ያህል ነው የሚቆየው። አንተ በምትሄድበት ወቅት ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12፡35 እስከ 12፡45 ባለው ጊዜ ነው፤ የምትጠልቀው ደግሞ ከምሽቱ 12፡20 እስከ 12፡30 ገደማ። ጠዋት 1፡15 ሲሆን ብርሃኑ መጠንከር ይጀምራል፣ 2፡30 ላይ የሰው ዓይን ሥር ጥላ ይጥላል። ፀሐይ ከመውጣቷ 15 ደቂቃ በፊት ቦታህ ላይ ካልቆምክ ዘግይተሃል።

በዚህ ወቅት ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ያጋደለች ስለሆነች ወደ ሰሜን የዞረ በረንዳ ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። ቤት በገባህ ቀን መጀመሪያ የትኛው በረንዳ፣ የትኛው መስኮት ወደ ሰሜን እንደሚያይ ለይ። የእናትህን ፎቶ የምታነሳው እዚያ ነው፤ ሰባት ሰዓት ላይ እንኳ ይሠራል።

ሁለተኛው ነገር አቅጣጫ ነው። ከተማው ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ነው ያለው። ፀሐይ ከከተማው በኩል ትወጣና ከሐይቁ ማዶ ተራሮች ጀርባ ትጠልቃለች። ሁሉም ሰው የሚያነሳው ፎቶ አንድ ዓይነት የሚሆነው በዚህ የተነሳ ነው፦ ማታ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳር መዝናኛ ይወጣል፣ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ያገኛታል፣ ብርቱካናማ ሰማይና ጥቁር ውሃ አንስቶ ይመለሳል። የእኔ ምክር ቀንህን በአቅጣጫው ከፋፍል ነው። ጠዋቱን ለዓሣ አስጋሪዎቹና ለመንገዱ ስጠው፣ ቀትሩን ለቤቱ፣ ማታውን ለሐይቁ። ማታም ቢሆን ሐይቁን ብቻውን አታንሳ። ሐይቁ በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ነው፤ ዳሩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ግን ያረጃሉ፣ ይሄዳሉ። ከ10 ፎቶ 8ቱ ውስጥ ሰው ይኑር።

ማታ ፍቅር ሐይቅ

ፀሐይ ከመጥለቋ 20 ደቂቃ በፊት የፀሐይዋን ፎቶ አንሳና ጨርስ። ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) በ1 ወይም በ1.3 ደረጃ ቀንስ፤ ካልቀነስክ ካሜራው ጨለማው ውሃ ላይ ተመርኩዞ ሰማዩን ያነጣዋል፣ ቀለሙም ይሞታል። ሰውን ጥላ አድርገህ ማውጣት ከፈለግክ አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ማዶ ያሉት ተራሮችም በዚያ ሰዓት ጥቁር ናቸው። ቆመህ ካነሳህ የሰውየው ራስ ከተራራው ጥቁረት ጋር ይዋሐድና ማን እንደሆነ አይለይም። ቁጢጥ በል፤ ራሱና ትከሻው ከተራራው ጫፍ በላይ ሰማዩ ላይ ይውጣ። ወደ ጎን ዞሮ ይቁም፣ እጁም ከወገቡ ራቅ ይበል። ሁለት ሰዎች ከሆኑ በመካከላቸው ብርሃን ይታይ።

ፀሐይዋ ከገባች በኋላ ሰው ሁሉ ስልኩን ኪሱ ይከታል። ያን ጊዜ ነው ሥራህ የሚጀምረው። ጀርባህን ለሐይቁ ስጥ። ዳሩ ላይ ወደ ምዕራብ ዞረው የተቀመጡት ሰዎች፣ ሻይ ሻጯ፣ የቆሎ ልጆቹ፣ ጥንዶቹ፣ ፊታቸው ላይ የሚያርፈው የሰማዩ ብርሃን ነው። ሰማዩ እንደ አንድ ትልቅ መስኮት ሆኖ ያበራቸዋል፤ ጥላ የለውም፣ ዓይን አያስጨፍንም፣ ጠይም ቆዳ ላይ ያለው ቀለም ሁሉ ይወጣል። ይህ የሚቆየው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው፤ ወደ ምድር ወገብ ስትቀርብ ምሽት ቶሎ ይመጣል። 35 ሚሊ ሜትሩን ግጠም፤ ኤፍ 2.8፣ ሻተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/125 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከ800 ጀምረህ እስከ 3200 ውጣ። ትንሽ አሸዋ መሰል ነቁጥ ቢታይ አትጨነቅ፤ ሲታተም አይታይም፣ ብዥታ ግን ይታያል።

ጠዋት አሞራ ገደል

አሞራ ገደል የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ ነው። አስጋሪዎቹ መረባቸውን አመሻሽ ላይ ጥለው ጠዋት ነው የሚያወጡት። ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ ዓሣው ከመረቡ ሲፈታ፣ ሲታረድና ሲሸጥ ማየት የምትችለው በጠዋት ነው። አራት ሰዓት ላይ ከደረስክ የምታገኘው የዓሣ ሾርባና ቁርጡን በዳጣ የሚበላ እንግዳ ነው፤ እሱም ደስ ይላል፣ ሥራው ግን አልፏል። መግቢያ ይከፈላል፤ ለካሜራም ሊጠየቅ ስለሚችል በሩ ላይ ጠይቅና ደረሰኝ ያዝ።

ጠዋት ዳሩ ላይ ቆመህ ወደ ሐይቁ ስትመለከት ፀሐይዋ ከኋላህ ናት። ጀልባዎቹ ቀለማቸው ይደምቃል፣ ነገር ግን ሁሉም ነገር ዝርግ ይሆንብሃል፤ የራስህ ጥላም ፎቶው ውስጥ ይገባል። መፍትሔው ከዳሩ ጋር ትይዩ ሆነህ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ማንሳት ነው። ያን ጊዜ ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፤ የመረቡ ክር፣ የእንጨቱ ጠባሳ፣ የአስጋሪው ክንድ ጅማት ይነበባል። ከተፈቀደልህ ደግሞ የታሰረ ጀልባ ላይ ውጣና ወደ ዳሩ ዙር፤ አሁን ብርሃኑ ፊት ለፊትህ ነው። መረብ ሲራገፍ የሚረጨው ውሃ፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሲፋቅ የሚበረው ቅርፊት የሚያበራው በዚህ አቅጣጫ ብቻ ነው። ሻተር 1/1000፣ አይኤስኦ 800፣ ፎከሱን ቢላው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀድመህ አስቀምጥ። ዓሣ የሚፍቀው ልጅ ቢላውን ከጭራ ወደ ራስ በገፋ ቁጥር አንድ ጊዜ ነው የሚረጨው፤ ምቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ተመልክተህ በአራተኛው ተኩስ። ዝም ብሎ በተከታታይ መተኮስ ካርድ ይሞላል እንጂ ቅጽበቷን አያመጣም።

አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች ማንም አይተዋቸውም፤ ትርፉን ጠብቀው እግርህ ሥር ድረስ ይመጣሉ። ቆመህ ከላይ ወደ ታች ካነሳሃቸው ቆሻሻ መሬት ላይ የቆመ ራሰ በራ ወፍ ነው የምታገኘው። ዓይናቸው ደረጃ ድረስ ዝቅ በል፤ በስተኋላቸው ያለው ሜዳ ወይም ውሃ ርቆ ይለሰልሳል። ሲያርፉ ማንሳት ከፈለግክ 1/1600 ያስፈልግሃል። ክንፋቸው ሲዘረጋ ከ2 ሜትር በላይ ስለሆነ ሌንስህን 18 ወይም 24 ላይ አድርግ፤ 55 ላይ ካነሳህ ክንፉ ይቆረጣል። ሆዳቸው ነጭ፣ ጀርባቸው ጥቁር ነው፤ ኤክስፖዠሩን ለነጩ አስተካክል። በምግብ ሰዓት ከዓሣው ቆራጭና ከወፉ መካከል አትግባ፤ ምንቃራቸው ከባድ ነው።

እዚያ የሚሠሩት ልጆች ናቸው፣ አንዳንዶቹ ትንንሽ ናቸው። ፊታቸውን ከማንሳትህ በፊት ጠይቅ፤ አብሯቸው ያለውን ትልቅ ሰውም ጠይቅ። እምቢ ካሉ እጃቸውንና ሥራቸውን አንሳ፤ ብዙ ጊዜ ከፊታቸው የበለጠ ይናገራል። ሳንቲም በትኖ ማንሳት ለአንተም ለቀጣዩም ሰው ቦታውን ያበላሻል። ዓሣ ግዛ፣ ሾርባ ጠጣ፣ በነጋታው ተመለስ። በሦስተኛው ቀን ካሜራህን ማንም አያየውም፤ ደህናዎቹ ፎቶዎች የሚገኙትም ያን ጊዜ ነው።

ጀልባ ከተሳፈርክ ካሜራውን አንገትህ ላይ አድርግ፣ ሌንስ ግን ውሃ ላይ አትቀይር። ጠዋት ውሃው ጸጥ ያለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ነጸብራቅ ፍለጋ ከሄድክ ከ3 ሰዓት በፊት ነው። ቀዛፊውን በ1/500 አንሳው፤ መቅዘፊያው ከውሃው ሲወጣ የሚንጠባጠበው እንዲታይ ተቃራኒው ወገን ላይ ተቀመጥ። ጉማሬ ሲታይ «ጠጋ በልልኝ» እንዳትል። ጀልባ ይገለብጣል፤ 55 ሚሊ ሜትር ሌንስም ምንም አያቀርብልህም። ዝቅ ብሎ ለማንሳት ብለህም እግርህን ውሃ ውስጥ አትንከር፤ ሐይቁ ላይ ቢልሃርዝያ አለ። የካሜራው ስክሪን የሚገለበጥ ከሆነ ክንድህን ብቻ ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ሐይቁና ከተማው ከላይ የሚታዩበትን ታቦር ተራራን ባጭሩ፦ ሐይቁን ለማንሳት ጠዋት ውጣ፣ ከተማውን ለማንሳት ከ10 ሰዓት በኋላ። ተቃራኒውን ካደረግክ ጭጋጉና የፀሐይዋ ግርፊያ ይጋርዱብሃል፤ በበጋ አየሩ አቧራና ጭስ ስላለበት ርቆ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። ብቻህን አትውጣ።

ቤት ውስጥ

ባለፈው ጨለማና ብዥ ያለብህ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንዱን ሌንሱ ይፈታዋል። ሁለተኛው የብርሃን ድብልቅ ነው። በመስኮቱ ሰማያዊ የሚመስል የቀን ብርሃን ይገባል፣ ከላይ አምፖሉ ቢጫ ያበራል፤ የእናትህ ፊት ግማሹ ቢጫ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል፣ ይህን በኋላ ማስተካከያ ፕሮግራም በቀላሉ አይፈታውም። አምፖሉን አጥፋ፣ መጋረጃውን ግለጥ፣ ሰውን ወደ መስኮቱ አቅርብ። ከመስኮቱ 1 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሰው 2 ሜትር ላይ ካለው በግልጽ የበለጠ ብርሃን ያገኛል። በጥላው በኩል ፊቷ ከጠቆረብህ የታጠበ ነጭ ጋቢ ወንበር ላይ ዘርግተህ ከጎኗ አስቀምጥ፤ ብርሃኑን መልሶ ይሰጣታል። ምሽት ላይ አምፖል የግድ ከሆነ ሻተርህን 1/50 ወይም 1/100 ላይ አድርግ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙዎቹ ኤልኢዲ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ በ1/320 ካነሳህ ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመሮች ሊወጡ ይችላሉ።

ቡናውን በጥንቃቄ አንሳ፤ ከሁሉም በላይ የምትመለከተው እሱን ይሆናል። ረከቦቱ ብዙ ጊዜ የሚዘረጋው ግድግዳ ሥር ነው። እናትህን አስፈቅደህ መስኮቱ ወይም በሩ ከጎኗና ትንሽ ከኋላዋ እንዲሆን ቄጠማውን አዛውር። ምክንያቱ ጭሱ ነው፦ የቡናው ጭስና የዕጣኑ ጭስ የሚታየው ብርሃን ከኋላው ሲመጣና በስተጀርባው ጨለም ያለ ነገር ሲኖር ብቻ ነው። ነጭ ግድግዳ ፊት ያለ ጭስ አይታይም ማለት ነው። ጥቁር ቡናማ ቁም ሳጥን ወይም የተከፈተ የጓዳ በር በስተጀርባ ካለ ጥሩ ነው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጥ፤ እሷ በርጩማ ላይ ናት፣ ካሜራህ በእሷ ደረት ደረጃ ይሁን።

ቅደም ተከተሉን ታውቀዋለህ፣ ነገር ግን በካሜራ ዓይን ድጋሚ እየው። ሲታጠብ ውሃው ይታያል፣ ለ1/250 ብርሃን ከበቃህ ጠብታው ይቆማል። ሲቆላ መጀመሪያ እንፋሎት ነው፣ ሲጠቁር ነው ጭሱ የሚወፍረው፤ ያን ጊዜ ብረት ምጣዱን ይዛ እንግዶቹ እንዲያሸቱ ስትዞር በ1/125 ተከተላት። ማዞሯ ራሱ ፎቶ ነው፤ አንዷ እንግዳ በእጇ ጭሱን ወደ ፊቷ ስትስብ እንዳታመልጥህ። ዘነዘናው ሲወርድ በ1/30 ብታነሳ እጇ ይሸሻል፣ ሙቀጫው ይቆማል፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ብዥታ ይህ ብቻ ነው የሚያምረው። ሲቀዳ ጀበናው ከሲኒው ከፍ ሲል የሚወርደው ክር እንዲታይ ከጎን እንጂ ከፊት አታንሳ፤ ኤፍ 2.8፣ 1/250፣ ፎከሱ ሲኒው ጠርዝ ላይ።

እንጀራ ስትጋግር ያለው እድል አክንባሎው የሚነሳባት ሰከንድ ነው። በሩ ከምጣዱ ማዶ ይሁን፣ እንፋሎቱ ያበራል። ከአንድ ሜትር ባላነሰ ርቀት ሁን፣ ካልሆነ ሌንሱ ላብ ይይዛል። ጭስ ያለበት ማድ ቤት ከሆነ ከወጣህ በኋላ የሌንሱን ፊት በንጹሕ ጨርቅ ጥረግ፤ የቅባት ንብርብር ሳታየው ፎቶውን ያደበዝዛል። ስልክም ያው ነው፦ ብዙ «መጥፎ» የስልክ ካሜራ የቆሸሸ መስታወት ነው።

ነጭ ለብሰው ለሚመጡ ሰዎች አንድ ደንብ ያዝ። በታኅሣሥ 19 የገብርኤል ዕለት ሐዋሳ በነጠላ ትሞላለች፤ ገናም ቀናት ብቻ ቀርተውት ይሆናል። ካሜራው ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንሳል፤ ነጠላው ግራጫ፣ ፊቱ ጥቁር ይሆናል። ኤክስፖዠሩን በ0.7 ጨምር፣ ስክሪኑ ላይ የነጣውን ቦታ የሚያርገበግብ ማስጠንቀቂያ ክፈት፤ ነጠላው ማርገብገብ ሲጀምር ትንሽ መልስ። በጄፔግ (ካሜራው ጨምቆ በሚያስቀምጠው ፋይል) ሳይሆን በሮው (ሳይጨምቅ ሁሉንም መረጃ በሚይዘው) አንሳ፤ የነጠላው ጥልፍ ሳይጠፋ ፊቱን በኋላ ማንሳት የምትችለው በሮው ነው። ስልክ ላይ ደግሞ ፊቱን ንካና ተጭነህ ያዝ፣ ከዚያ ብርሃኑን በጣትህ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ጎትት። በድንኳን ሥር ከሆንክ የሸራው ቀለም ሰው ላይ ይወርዳል፤ ሰማያዊ ሸራ ሥር ጤነኛ የሚመስል ሰው የለም። ሰዎቹን ወደ ድንኳኑ ጠርዝ፣ የውጭው ብርሃን ወደሚደርስበት አንድ ሜትር ገደማ አውጣቸው።

ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ፍላሽ አታብራ፤ ቅዳሴ ላይ ካልተፈቀደልህ ፎቶ አታንሳ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ፖሊስ፣ ወታደርና ኬላ ላይ ካሜራህን አታንሳ። ለቅሶ ቤት ደግሞ ቦርሳህን አትክፈት።

እናትህ የምትፈልገው ፎቶና አንተ የምትፈልገው አንድ አይደለም፤ የእሷን አስቀድም። የሀበሻ ቀሚሷን ትልበስ፣ ፀጉሯን ትሠራ፣ ቀጥ ብላ ትቀመጥ፣ ካልሳቀች አታስቃት። ጊዜ ሰጥተህ፣ ኤፍ 4 ላይ፣ ዓይኗ ላይ ፎከስ አድርገህ በደንብ አንሳላት። ይህን ካገኘች በኋላ ሽንኩርት ስትከትፍ ብታነሳት «ምን ሆኜ!» አትልህም። የቤተሰቡን የጋራ ፎቶ ዛፍ ሥር አታድርግ፤ በቅጠሉ መካከል የሚያልፈው ፀሐይ ፊቶች ላይ ነጠብጣብ ይጥላል። የቤቱ ጥላ ይሻላል። ሁለት ረድፍ ከሆኑ ኤፍ 8፣ 1/160፣ ፎከስ የፊተኛው ረድፍ ላይ፤ ካሜራው ከፍ ቢል ይሻላል፣ በርጩማ ላይ ውጣ። በሰው ልክ አንድ አንድ ፎቶ አንሳ፦ 12 ሰው ከሆነ ቢያንስ 12፤ ያለበለዚያ የሚጨፍን አይጠፋም።

አልበሙ

ይህን አልጠየቅከኝም፣ ግን 3 ሳምንት ስላለህ አንድ ከሰዓት ለአልበሙ ስጥ። በየቤቱ ያሉት የስቱዲዮ ፎቶዎች ቅጂ የላቸውም፤ እርጥበትና ተለጣፊው ፕላስቲክ እየበላቸው ነው። ፎቶውን ሰሜን መስኮት አጠገብ ወለል ላይ አኑረው፣ ካሜራውን ቀጥታ ከላይ ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርገህ ያዝ፤ 55 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 8፣ 1/125፣ አይኤስኦው እንደ አስፈላጊነቱ ይውጣ። መንጸባረቅ ካለ ፎቶውን ሩብ ዙር አዙር፤ ጥቁር ልብስ ለብሰህ አንሳ፣ ነጭ ሸሚዝህ መስታወት በሚመስለው ወረቀት ላይ ይታያል። ከአልበሙ ጋር የተጣበቀውን በኃይል አትንቀል፤ የጥርስ ክር ከሥሩ ቀስ ብለህ አስገብተህ ግራ ቀኝ ሳብ፣ እንቢ ካለ ተወው፣ ፕላስቲኩን ብቻ ገልጠህ አንሳ። ጀርባውንም አንሳ፤ ዓመተ ምሕረትና ስም ያለው እዚያ ነው። የሚያውቁትን ሰዎች ጠይቅና ማን ከግራ ማን ከቀኝ እንደሆነ ድምፃቸውን በስልክህ ቅዳ፤ ስታነሳ የፎቶውን ቁጥር ጥራ።

ፋይሉና ሕትመቱ

በሮው አንድ ፎቶ ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ይይዛል፤ 64 ጊጋባይቱ ካርድ 2000 ያህል ይችላል። ስለዚህ እዚያ ሆነህ አትሰርዝ። በየማታው ወደ ላፕቶፕ ወይም ወደ ትንሽ ውጫዊ ዲስክ ገልብጥ፤ ካርዱንና ዲስኩን ስትመለስ አንዱን በእጅ ሻንጣ፣ አንዱን በኪስህ ያዝ። ካርዶቹን ከመሄድህ በፊት ሙሉ በሙሉ ሞልተህ መልሰህ ክፈታቸው፤ የሐሰት ካርድ 64 ብሎ 8 ጊጋባይት ላይ ነው የሚሰብርህ።

ዘመድ ፎቶ ላክልኝ ሲልህ በቴሌግራም እንደ ፎቶ አትላክ፤ ጨምቆ ያሳንሰዋል፣ ሊያሳትሙት ሲሞክሩ ይደበዝዛል። «ፋይል» በሚለው ላክ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ከመመለስህ 4 ቀን ቀድመህ ፎቶ ቤት መሄድ ነው። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ሕትመት በጥራት ለመውጣት ወደ 1200 በ1800 ፒክሰል ይበቃዋል፣ 20 በ30 ደግሞ 2400 በ3600፤ ካሜራህ ከዚህ ይተርፋል። የስልክ ፎቶ ግን አብዛኛውን ጊዜ 4 ለ3 ስለሆነ በአግድም የተነሳው 10 በ15 ላይ ከላይና ከታች ይቆረጣል፤ አንተው ራስህ ቆርጠህ ስጣቸው፣ ካልሆነ ማሽኑ የእናትህን ነጠላ ጫፍ ሳይሆን ጸጉሯን ይቆርጣል። መጀመሪያ 3 ፎቶ ለሙከራ አሳትም፤ የጠቆረ ከወጣ ብርሃኑን በትንሹ ጨምረህ ቀሪውን ስጥ። አሞራ ገደል ያነሳሃቸውን አስጋሪዎች ፎቶም አብረህ አሳትም፤ መረቡ ሲገባ ሰዓቱን ታውቀዋለህ፣ በእጃቸው ስጣቸው።